የስም ዓይነቶች በእንግሊዝኛ ሰዋስው

ይህ ዓምድ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩትን ለቤተ ሰብ በሚገባ ቋንቋ ለማስረዳት የተከፈተ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ስለ እንግሊዝኛ ስሞችና ስለ ዓይነቶቻቸው እንነጋገራለን። ነገሩ በመጀመሪያ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። ደግሞም አንዳንዱ ወላጅ «ይህስ የመምህሩ ሥራ ነው፤ እኔ እንግሊዝኛ አልተማርሁም፤ ልጄን በምን ልረዳው እችላለሁ?» ይል ይሆናል። እኛ ግን የምናስረዳው የዚህን ተቃራኒ ነው። አማርኛን አጥርቶ የሚያውቅ፥ ከዚያም በላይ ዳዊት የደገመና ግእዝ የቀመሰ ወላጅ፥ የእንግሊዝኛን ስም ለማስረዳት ከሚያስፈልገው መሣሪያ እኩሌታውን በእጁ ይዟል።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን አስቀድመን እንናገር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፥ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ግን እንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ታሪኩም፥ ሒሳቡም፥ ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ነገሩ ገብቶት ሳለ በቋንቋው መግለጽ ቢያቅተው ዐላዋቂ ይባላል። ከዚያም አልፎ ልጁ ራሱ ዐላዋቂ ነኝ ብሎ ያምናል። ይህ ትንሽ ጕዳት አይደለም። የዚህ ዓይነቱ እንቅፋት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ከትልልቅ ቃላት ሳይሆን ቀላል ከሚመስለው ከስም ነው።

የልጆቻችንን ደብተር ብንገልጥ «ስም ማለት የሰው፥ የቦታና የነገር መጠሪያ ነው» የሚል እናገኛለን። ከሥሩም የስም ዓይነቶች በተራ ተጽፈዋል፤ የተጸውኦ ስም፥ የወል ስም፥ የጥቅል ስም፥ የቁስ ስም፥ የረቂቅ ስም። ልጁ ይህን በቃሉ ያወርደዋል። በሚቀጥለው ገጽ ግን የከተማውን ስም በትንሽ ፊደል ሲጽፍ፥ የማይቆጠረውን ሲቆጥር፥ ብዙውን በነጠላ ሲጠራ ይገኛል። ይህ የሆነው ዓይነቶቹን ባለማወቁ አይደለም፤ ለምን እንደሚያውቃቸው ስላልተነገረው ነው። በእንግሊዝኛ የስም ዓይነት የሚጠናው ስሞችን በየመደርደሪያቸው ለማስቀመጥ ብቻ አይደለም። የስሙ ዓይነት ዐረፍተ ነገሩን ስለሚገዛ ነው። ቃሉ በትልቅ ፊደል ይጀምር ወይስ በትንሽ? «ኤ» ወይም «ዘ» የተባለው አርቲክል ይቅደመው ወይስ አይቅደመው? ብዙ ቍጥር ይኑረው ወይስ አይኑረው? ግሱ በነጠላ ይሁን ወይስ በብዙ? እነዚህን አራቱን የሚወስነው የስሙ ዓይነት ነው።

ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። እንግሊዞች «ናውን» የሚሉት ቃል የመጣው ከላቲኑ «ኖሜን» ነው፤ ትርጕሙም «ስም» ማለት ነው። እኛም ለሰው መጠሪያና ለሰዋስው ክፍል የምንጠቀምበት ቃል ያው አንዱ «ስም» ነው። በግሪካዊው በዲዮኒስዮስ ትራክስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የሰዋስው መጽሐፍ የንግግርን ክፍሎች ስምንት አድርጎ ሲቈጥር ስምን ከሁሉ አስቀድሞ አስቀመጠው፤ የወል የሆነውንም የአንድ ብቻ ከሆነው ለየ። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ትምህርቱን «ሰዋስው» ብለውታል፤ ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። በመሰላል የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን እርከን ሳይረግጥ ሁለተኛውን አይረግጥም። የልጆቻችን የመጀመሪያው እርከን አማርኛቸው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ዓይነቶቹን በቃል ከማውረድ ይልቅ ለእያንዳንዱ ስም አራት ጥያቄ ማቅረብ ይሻላል።

1ኛ፤ የአንዱ ብቻ ነውን፥ ወይስ የወገኑ ሁሉ?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም ለእንስሳትና ለአራዊት ሁሉ ስም እንዳወጣላቸው እናነባለን። ያ ስም የወገን ስም ነው፤ አንበሳ ያለው አንዱን አንበሳ ብቻ አይደለም። ይህ የወል ስም ይባላል። በምዕራፍ 3 ግን ሚስቱን ሔዋን ብሎ ጠራት። ይህ የእርስዋ ብቻ ነውና የተጸውኦ ስም ነው። «አዳም» የሚለው ቃልም ራሱ በዕብራይስጥ ሰው ማለት ስለ ሆነ የወሉ ስም ለአንዱ መጠሪያ ሆኖ ተሰጥቶታል ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ የተጸውኦ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሌለው ስለ ሆነ ልጆቻችን ይህን ሕግ ለመልመድ ይቸገራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚስቱት የሰውን ስም አይደለም፤ የቀኖችን፥ የወሮችን፥ የቋንቋዎችንና የሕዝቦችን ስም ነው። ሰኞ፥ መስከረም፥ አማርኛ፥ ኢትዮጵያዊ የሚሉት ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ በትልቅ ፊደል ይጀመራሉ።

ይህ ሕግ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ከፊደል ጨዋታ ያለፈ ነገር አለው። እኛ «እግዚአብሔር» ስንል ከማንም ጋር አይደባለቅም። እንግሊዝኛ ግን እውነተኛውን አምላክም፥ አሕዛብ የሚያመልኩትን ጣዖትም የሚጠራው «ጋድ» በሚለው በአንድ ቃል ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑ ነው። «ሎርድ» የሚለውም እንዲሁ በትልቅ ፊደል ሲጀምር ጌታችንን፥ በትንሽ ፊደል ሲጀምር ባለ ርስቱን ወይም መኰንኑን ያመለክታል። በ1611 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው የንጉሥ ያዕቆብ መጽሐፍ ቅዱስ በብሉይ ኪዳን የእግዚአብሔርን ስም ለመለየት ይህንኑ ቃል ሙሉውን በትልልቅ ፊደል ይጽፈዋል። ስለዚህ ልጃችሁ የፈጣሪውን ስም በትንሽ ፊደል ጽፎ ብታገኙት «እዚህ ላይ ትልቁ ፊደል ለምን ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ምክንያቱን አንድ ጊዜ የተረዳ ልጅ ሕጉን አይረሳውም።

በእኛ አገር ብዙ የተጸውኦ ስም ከወል ወይም ከረቂቅ ስም የተወሰደ ነው፤ ተስፋ፥ ሰላም፥ ደስታ፥ ፍቅር፥ ብርሃን እንላለን። አማርኛችን የሚለያቸው በግሱ ነው። «ሰላም መጣ» ቢሉን ጦርነቱ ቆመ፥ «ሰላም መጣች» ቢሉን ልጅቱ ደረሰች እንላለን። እንግሊዞችም ሴቶች ልጆቻቸውን «ሆፕ»፥ «ፌይዝ»፥ «ግሬስ» ብለው ይጠራሉ፤ ይኸውም ተስፋ፥ እምነት፥ ጸጋ ማለት ነው። እነርሱ የሚለዩት በትልቁ ፊደል ነው። የቦታ ስምም ወደ ወል ስም ይለወጣል። በምግብ ቤት «ሁለት አምቦ አምጣልን» ስንል የከተማውን ስም ለውኃው ሰጥተን እየቈጠርነው ነው።

የተጸውኦ ስም ብዙውን ጊዜ አርቲክል አይቀድመውም፤ ለወንዞች ግን «ዘ» ይገባል። ስለዚህ ዓባይን «ዘ ብሉ ናይል» ይሉታል፤ የሚወጣበትን ሐይቅ ግን ያለ «ዘ» «ሌክ ጣና» ይሉታል። ባሕሮች እንደ ወንዞች ናቸው፤ ቀይ ባሕር «ዘ ሬድ ሲ» ነው። ነጠላ ተራራ እንደ ሐይቅ ያለ «ዘ» ይጠራል፤ የተራራ ሰንሰለት ግን «ዘ» ይቀድመዋል።

እዚህ ላይ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ገብረ ሚካኤል፥ ወልደ ማርያም፥ ወለተ ጊዮርጊስ የመሳሰሉት ስሞች ሁለት ቃል ሆነው ሳለ አንድ የተጸውኦ ስም ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ተለያይተው ሲጻፉ የውጭ አገር ጸሓፊ «ገብረ» የሚለውን የልጁ ስም፥ «ሚካኤል» የሚለውን የአባቱ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል። የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ሳይስማሙ ሲቀሩም ወጣቱ ይንገላታል። ስለዚህ ስሙን አያይዞ መጻፍ፥ በሁሉም ወረቀት ላይም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መጽናት መልካም ነው።

2ኛ፤ የሚቆጠር ነውን፥ ወይስ የማይቆጠር?

ይህ ጥያቄ ልጆቻችንን ከሁሉ ይልቅ የሚፈትን ስለ ሆነ ዘግየት ብለን እንመልከተው። እንግሊዝኛ የወል ስምን ሁሉ ለሁለት ይከፍለዋል። መጽሐፍ፥ ወንበር፥ በግ የሚቆጠሩ ናቸው። ውኃ፥ ወርቅ፥ ጨው፥ ማር ግን የሚሰፈሩ ወይም የሚመዘኑ እንጂ የሚቆጠሩ አይደሉም፤ የቁስ ስም የሚባሉትም እነዚህ ናቸው። እስከዚህ ድረስ አማርኛም ይስማማል። ችግሩ የሚነሣው ሁለቱ ቋንቋዎች በማይስማሙበት ቦታ ነው።

እኛ ምክሮች፥ መረጃዎች፥ ዜናዎች፥ የቤት ዕቃዎች፥ የቤት ሥራዎች እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «አድቫይስ»፥ «ኢንፎርሜሽን»፥ «ኒውስ»፥ «ፈርኒቸር»፥ «ሆምወርክ» የማይቆጠሩ ናቸው። የብዙ ቍጥር ምልክት የሆነውን «ስ» አይቀበሉም፤ «ኤ» የተባለው አርቲክልም አይቀድማቸውም። «ኒውስ» መጨረሻው «ስ» ቢሆንም ነጠላ ነውና ግሱ «ኢዝ» ይሆናል። ከሁሉ የሚያስገርመው «መኒ» ነው። ገንዘብ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጠር ነገር ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ቃሉ የማይቆጠር ሆነ። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የምንቆጥረው ብሩንና ሳንቲሙን እንጂ «ገንዘብ» የሚለውን ጥቅሉን አይደለም።

የማይቆጠረውን መቍጠር ሲያስፈልግ መስፈሪያ ይገባል። «ኤ ግላስ ኦቭ ዎተር» አንድ ብርጭቆ ውኃ፥ «ኤ ፒስ ኦቭ አድቫይስ» አንድ ምክር ማለት ነው። ይህን ዘዴ ከእናቶች የበለጠ የሚያውቀው የለም። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፥ ሁለት ፍሬ ሎሚ፥ ሦስት ስኒ ቡና፥ አንድ ቍና ጤፍ ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። እናት ከጓዳዋ ሆና ልጅዋን «ጤፍ ያለ ቍና ይቆጠራልን?» ብላ ብትጠይቀው የእንግሊዝኛውን ሕግ እኩሌታ አስተማረችው ማለት ነው።

በወንጌል ጌታችን ሕዝቡን ያበላበትን ተአምር እናስታውስ። በአማርኛ አምስት እንጀራ ብለን ቍጥሩን ከእንጀራው ጋር እናገናኘዋለን። በእንግሊዝኛ «ብሬድ» የማይቆጠር ስለ ሆነ «ፋይቭ ብሬድ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ተርጓሚዎቹ «ሎቭዝ» የሚለውን የሙልሙል መቍጠሪያ ተጠቀሙ። በጸሎታችን የምንለምነው የዕለት እንጀራ ግን ቍጥር የለውምና በእንግሊዝኛው «ብሬድ» ነው። ልጁ እነዚህን ሁለት ቦታዎች በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ አመሳክሮ ቢያነብ ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል።

በዚሁ ላይ ሌላም ልዩነት አለ። በአማርኛ ቍጥር ከቀደመ ስሙ ነጠላ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ «ሦስት በግ ገዛሁ» ብንል ማንም አይነቅፈንም። በእንግሊዝኛ ግን ከአንድ በላይ የሆነ የሚቆጠር ስም ሁሉ የብዙ ቍጥር መልኩን መያዝ አለበት፤ «ስሪ ቡክ» ስሕተት ነው፥ «ስሪ ቡክስ» ልክ ነው። እንደዚሁም እኛ ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም «ብዙ» እንላለን፤ እነርሱ ግን ለሚቆጠረው «ሜኒ»፥ ለማይቆጠረው «መች» ይላሉ።

አንዳንድ ስም ደግሞ በሁለቱም ወገን ይቆማል፤ ትርጕሙ ግን ይለወጣል። «አየርን» ያለ አርቲክል ብረት ነው፤ «አን አየርን» የልብስ መተኰሻ ካውያ ነው። «ግላስ» መስታወት ነው፤ «ኤ ግላስ» ብርጭቆ ነው። «ቺክን» የዶሮ ሥጋ ነው፤ «ኤ ቺክን» ግን አንድ ሙሉ ዶሮ ነው። እንግዲህ ተማሪው የፋሲካን በዓል ሲተርክ «አይ ኤት ኤ ቺክን» ብሎ ቢጽፍ፥ ዐሥራ ሁለቱን ብልት ለማንም ሳያቀምስ ብቻውን ጨረሰው ማለት ነውና መምህሩ ቢስቅ አይፈረድበትም።

3ኛ፤ የሚዳሰስ ነውን፥ ወይስ ረቂቅ?

ፍቅር፥ ትሕትና፥ ጥበብ፥ ልጅነት በእጅ አይዳሰሱም፤ በልብ ብቻ ይታወቃሉ። እነዚህ የረቂቅ ስሞች ናቸው። እንግሊዝኛ ረቂቅ ስምን ከሌላ ቃል የሚያወጣው በመጨረሻው ላይ በሚጨመሩ ቅጥያዎች ነው። «ቻይልድ» ልጅ፥ «ቻይልድሁድ» ልጅነት፤ «ፍሬንድ» ጓደኛ፥ «ፍሬንድሺፕ» ጓደኝነት፤ «ካይንድ» ደግ፥ «ካይንድነስ» ደግነት፤ «ፍሪ» ነጻ፥ «ፍሪደም» ነጻነት። አንባቢ ሆይ፥ በአማርኛው ወገን አንድ ነገር አላስተዋልህምን? እንግሊዝኛ በ«ሁድ»፥ በ«ሺፕ»፥ በ«ነስ» እና በ«ደም» የሠራውን ሥራ አማርኛ በአንድ «ነት» ሠራው። ስለዚህ ልጁ የማያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ከእነዚህ ባንዱ ሲጨርስ ቢያይ፥ «ነት» ብሎ ለመተርጐም ቢሞክር ብዙ ጊዜ ያገኘዋል።

ረቂቅ ስም በጥቅሉ ሲነገር አርቲክል አይቀድመውም። «ፌይዝ» እምነት ነው። የማን ወይም የምን መሆኑ ሲወሰን ግን «ዘ» ይገባል፤ የእግዚአብሔር ፍቅር «ዘ ላቭ ኦቭ ጋድ» ይባላል። አንዳንድ ጊዜም አርቲክሉ ትርጕሙን ይለውጠዋል። «ፌይዝ» ያለ አርቲክል በልብ ያለው እምነት ሲሆን፥ «ዘ ፌይዝ» የሚል በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጽሑፍ ሲገኝ ሃይማኖት ማለት ነው። በአንዲት ትንሽ ቃል እምነትና ሃይማኖት ተለዩ።

ረቂቅ ስም በዘመን ብዛት ትርጕሙ ሊንሸራተት እንደሚችልም ልጆቻችን ይወቁ። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያዪቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 13 ስለ ፍቅር የጻፈውን የ1611 ተርጓሚዎች «ቻሪቲ» ብለውት ነበር። በ1881 የወጣው የታረመ ትርጕም «ላቭ» አለው። ዛሬ «ቻሪቲ» በአደባባይ የሚሰማው ምጽዋት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ለማለት ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት አሮጌውን ትርጕም ሲያነብ ሐዋርያው ስለ ምጽዋት ብቻ የተናገረ ይመስለዋል። የአንድን ስም ታሪክ ማወቅ የመጽሐፍን ምሥጢር ከማወቅ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ከዚህ እንረዳለን።

4ኛ፤ አንድ ነውን፥ ወይስ የብዙ ጥቅል?

መንጋ፥ ጉባኤ፥ ጭፍራ፥ ቤተ ሰብ አንድ ቃል ሆነው ብዙዎችን በአንድነት ይይዛሉ፤ እነዚህ የጥቅል ስሞች ናቸው። አማርኛ ለበጉም፥ ለላሙም፥ ለንቡም መንጋ ሲል፥ እንግሊዝኛ የበጉን «ፍሎክ»፥ የላሙን «ኸርድ»፥ የንቡን «ስዋርም» ብሎ ይለያያል። ምእመናንን የእረኛው መንጋ በማለት ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ይስማማሉ፤ የቤተ ክርስቲያን እንግሊዝኛም ምእመናንን «ፍሎክ» ይላል።

የጥቅል ስም ጥያቄው ከግሱ ጋር ነው። ቤተ ሰብ አንድ ነው ወይስ ብዙ ነው? አሜሪካኖች አብዛኛውን ጊዜ «ዘ ፋሚሊ ኢዝ» ብለው በነጠላ ይናገራሉ። እንግሊዞች ግን ቤቱን እንደ አንድ ሲያዩት «ኢዝ»፥ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ሲያስቡ «አር» ይላሉ። «ፖሊስ» የሚለው ቃል ግን ምርጫ የለውም፤ ሁልጊዜ ብዙ ነውና «ዘ ፖሊስ አር» ይባላል። እኛ «አንድ ፖሊስ መጣ» ስለምንል ልጆቻችን «ኤ ፖሊስ» ብለው ይጽፋሉ፤ አንዱ ሰው ግን «ኤ ፖሊስማን» ወይም «ኤ ፖሊስ ኦፊሰር» ነው። «ፒፕል» ሰዎች፥ «ካትል» ከብቶች የሚሉትም ያለ «ስ» ብዙ ናቸው።

ስለ ብዙ ቍጥር

አራቱን ጥያቄዎች ከጨረስን ዘንድ፥ ግእዝ የቀመሱ አንባብያን ደስ የሚሰኙበትን አንድ ነገር እንጨምር። ብዙው የእንግሊዝኛ ስም «ስ» በመጨመር ይበዛል። ጥቂቶች ግን ውስጣቸውን በመለወጥ ይበዛሉ፤ «ማን» ሰው «ሜን» ሰዎች፥ «ፉት» እግር «ፊት» እግሮች ይሆናል። ተማሪው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። እኛ ግን ንጉሥ ብለን ነገሥት፥ ደብር ብለን አድባር የምንል ሰዎች ነን፤ ውስጡን ለውጦ የሚበዛ ስም እንግዳችን አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ነገር ግን ያንዱን ጠባይ ያወቀ የሌላውን ለመቀበል አይቸግረውም። «ሺፕ» በግ ደግሞ ቢበዛም ባይበዛም ያው ነው። «ፊሽ» ዓሣም ዛሬ እንዲሁ ነው፤ በ1611 ትርጕም ግን ጌታችን የባረካቸው ሁለቱ ዓሣዎች «ፊሽዝ» ተብለው ተጽፈዋል።

የተጣመሩ ስሞችም አሉ። አማት «መዘር ኢን ሎው» ናት፤ ሲበዙ የሚለወጠው የመጀመሪያው ቃል ነውና «መዘርዝ ኢን ሎው» ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ብለን አብያተ ክርስቲያናት ስንል ብዙነቱ ከመጀመሪያው ቃል እንደሚጀምር ያስተዋለ ልጅ ይህን በቀላሉ ይይዛል።

መምህራን ዘወትር የሚነቅፉት የአማርኛ ስሕተት መጻሕፍት ተብሎ የበዛውን እንደ ገና መጻሕፍቶች፥ ካህናትን ካህናቶች እያሉ ማብዛት ነው። ይህ ድካም በእንግሊዞችም ላይ ደርሷል። ኪሩብን «ቸረብ» ይላሉ፤ ብዙውን ከዕብራይስጥ ወስደው «ቸረቢም» አሉ። የ1611 ተርጓሚዎች ግን በዚያ ላይ «ስ» ጨምረው «ቸረቢምስ» ብለው ጻፉ። ከዚያም ይልቅ የሚያስገርመው «ችልድረን» የሚለው የልጆች ስም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ የብዛት ምልክት የነበረውን ይዞ ሳለ በኋላ ዘመን ሌላ የብዛት ምልክት ስለ ተጨመረበት፥ እንደ መጻሕፍቶች ሁለት ጊዜ የበዛ ስም ነው። እነርሱ ልማዱ ስለ ጸና ተቀበሉት፤ የእኛ ልጆች ግን መጻሕፍትን መጻሕፍት ብለው ይተዉ ዘንድ እንለምናለን።

በቤት የሚደረግ ልምምድ

ከእራት በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር ወስዳችሁ ከልጃችሁ ጋር መርምሩ። ለምሳሌ «ማይ መዘር ጌቭ ሚ ጉድ አድቫይስ ኦን ሰንደይ»፤ ይኸውም እናቴ እሑድ ዕለት መልካም ምክር ሰጠችኝ ማለት ነው። በዚህ ውስጥ ሦስት ስም አለ። «መዘር» የወል፥ የሚቆጠር፥ የሚዳሰስ ነው፤ ከፊቱ «ማይ» ስላለ አርቲክል አላስፈለገውም። «አድቫይስ» ረቂቅና የማይቆጠር ነው፤ ስለዚህ «ኤ» የለውም፥ «ስ» የለውም። «ሰንደይ» የዕለት የተጸውኦ ስም ነው፤ ስለዚህ በትልቅ ፊደል ተጀመረ። አንድ ስም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ዓይነት ሊሆን እንደሚችልም ልጁ እዚህ ላይ ያያል። ቀጥላችሁ እናት፥ ውኃ፥ እንጀራ፥ ቤተ ሰብ፥ ሰኞ፥ ዓባይ፥ ምክር፥ ትዕግሥት የሚሉትን ስምንት ቃላት ስጡትና አራቱን ጥያቄ አስቀድሞ በአማርኛ፥ በኋላም በእንግሊዝኛ ይመልስ። ሁለቱ መልሶች በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርግ፤ እንዲጠነቀቅ የሚገባው በዚያ ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ የአማርኛውን ክፍል ቢጠይቅ፥ ልጁ የእንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ለወላጁ ቢያስረዳ፥ ሁለቱም ተማሪ ሁለቱም መምህር ይሆናሉ።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ መሰላሉን ከሌላው ወገን ሊተክሉት ይችላሉ። ልጆቻቸው እንግሊዝኛውን በጨዋታ ለምደዋል፤ የሚያስቸግራቸው በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰሙት አማርኛ ነው። «ቻይልድሁድ» ከሚለው ተነሥተው ልጅነትን፥ «ካይንድነስ» ከሚለው ተነሥተው ደግነትን ቢያሳዩአቸው፥ ያቺ አንዲት «ነት» ብዙ በር ትከፍትላቸዋለች።

ወላጆች ሆይ፤ እንግሊዝኛን ለማወቅ አማርኛን መጣል ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ በአንዳንድ ቤት ገብቷል። ልጁ በቤት አማርኛ እንዳይናገር የሚከለክሉም አሉ። ከላይ ያየነው ሁሉ የሚመሰክረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። በራሱ ቋንቋ ቍና ምን እንደ ሆነ፥ «ነት» ምን እንደምትሠራ፥ ነገሥት ከንጉሥ እንዴት እንደ ወጣ ያወቀ ልጅ፥ የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ ሲማር የሚያመሳክርበት አለው። የራሱን የጣለ ግን በሁለቱም ቋንቋ ባዶ እጁን ይቀራል። የታችኛው እርከን ከተነሣ በላይኛው መቆም አይቻልምና፥ ልጆቻችን ወደ ላይ ሲወጡ እኛ መሰላሉን ከታች አጥብቀን እንያዝላቸው።

በሚመጣው ወር፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ በስም ፈንታ ስለሚገቡት ስለ ተውላጠ ስሞች እንነጋገራለን። እስከዚያው የጥበብ ባለቤት የልጆቻችንን ልቡና ይክፈትልን፤ አሜን።